የእንግሊዝኛ የሙያ ስም ከየት እንደ መጣ እንዴት ይጣራል? ‹ኦርቶፔዲክስ› የሚለውን ቃል ይዘን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የሕክምና ተቋም ስለ ኦርቶፔዲክስ፣ ማለትም ስለ አጥንት ሕክምና፣ የሚታደል በራሪ ወረቀት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስመልስ፣ አንባቢው ይጠቀምበታል ብዬ ከዋናው ጽሑፍ ላይ የሌለ አንድ ዐረፍተ ነገር በራሴ ፈቃድ ጨምሬ ነበር፤ «ኦርቶፔዲክስ ከግሪክ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙም እግርን ማቃናት ነው» የሚል። ረቂቁን እንዲያርም የተሰጠው የአጥንት ሐኪም ይህችን ዐረፍተ ነገር በቀይ ብዕር ሰርዞ፣ በኅዳጉ ላይ «እግር አይደለም፤ ልጅ ነው» ብሎ ጽፎ መለሰልኝ። እኔ ደግሞ አስቤበት የጻፍኩት መስሎኝ ነበር። ፔዳል በእግር የሚረገጥ ነገር ነው፤ ፔዲኪዩር የእግር ጥፍር እንክብካቤ ነው፤ የአጥንት ሐኪም ዘንድ የሚሄደውም አብዛኛው ሰው እግሩን የተሰበረ ነው። ሁሉም ነገር ልክክ ብሎ ስለ ገጠመልኝ መዝገበ ቃላት መግለጥ አስፈላጊ መስሎ አልታየኝም።

ከዚያ ወዲህ የሙያ ስሞችን ምንጭ በተመለከተ አንድ ልማድ አዳብሬአለሁ። ቃሉን ቆራርሼ የቁራጮቹን ትርጉም ከመደመር ይልቅ ቃሉን ማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን ፊደል እንደ ጻፈው እጠይቃለሁ። ለተርጓሚዎች፣ ለጤና ሳይንስ ተማሪዎችና ለእንግሊዝኛ መምህራን ይረዳ ዘንድ አሠራሩን በዚያው ባሳሳተኝ ቃል ላይ ከሥር እስከ ጫፍ አሳያለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የመጀመሪያው ሥራ ቃሉን ከእኛ ፊደል አውጥቶ በእንግሊዝኛው ሆሄያት መጻፍ ነው። በአማርኛ ፔዳል፣ ፔዲኪዩር፣ ፔዲያትሪክስ (የልጆች ሕክምና)፣ ፔዳጎጂ (የማስተማር ጥበብ)፣ ኦርቶፔዲክስ ብለን ስንጽፍ ሁሉም ያችኑ አንዲት ‹ፔ› ስለሚጋሩ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ አንባቢ ይህን ዓይነቱን ችግር ከራሱ ቤት ያውቀዋል። ‹ሠዐለ› በንጉሡ ሠ እና በዓይኑ ዐ ሲጻፍ ሥዕል ሣለ ማለት ነው፤ ‹ሰአለ› በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ሲጻፍ ግን ለመነ ማለት ነው። ‹ሰአሊ ለነ ቅድስት› የሚለውን ጸሎት በንጉሡ ሠ የጻፈ ሰው፣ እመቤታችንን ለምኚልን በማለት ፈንታ ሥዕል ሣዪልን ብሏት ያርፈዋል። ጆሮ ሁለቱን ቃላት አይለይም፤ የሚለያቸው ሆሄው ነው። በእንግሊዝኛም የሆነው ይኸው ነው።

እንግሊዞች ኦርቶፔዲክስን ሲጽፉ ከ‹ፒ› ቀጥሎ ‹ኤ› እና ‹ኢ› የተባሉትን ሁለት ፊደላት አከታትለው ያስቀምጣሉ። ፔዳልን ሲጽፉ ግን ‹ኢ› ብቻዋን ትቆማለች። አሜሪካውያን በአብዛኛው ‹ኤ›ን ጥለው ሁለቱንም ቃላት በአንድ ዓይነት ሆሄ ስለሚጽፉ ልዩነቱ ከእነሱ አጻጻፍ ጠፍቷል፤ ይሁንና በ1933 የተመሠረተው የአሜሪካ የኦርቶፔዲክ ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ እስከ ዛሬ ድረስ በስሙ ውስጥ ያችን ‹ኤ› ይዞ ይገኛል። ስለዚህ የሙያ ስም ምንጭ የሚፈልግ ሰው የአሜሪካውን አጻጻፍ ብቻ አይቶ እንዳይወስን፣ የእንግሊዙንም ጎን ለጎን ማስቀመጥ አለበት። የተጣለችው ፊደል ብዙውን ጊዜ የቃሉ መታወቂያ ወረቀት ናት።

ፊደሏ የምትመሰክረው ይህንን ነው። የግሪክ ቋንቋ ‹አልፋ› እና ‹ዮታ› በተባሉ ፊደላት የሚጽፈውን ድምፅ ሮማውያን በላቲን ሲገለብጡት ‹ኤ› እና ‹ኢ›ን አጣምረው ይጽፉት ነበር፤ እንግሊዝኛም ከላቲን ወረሰው። በግሪክ ልጅ ‹ፓይስ› ይባላል፤ በቃላት ጥምረት ውስጥ ሲገባ ግንዱ ‹ፓይድ› ነው፤ ‹ፓይዲዮን› ደግሞ ትንሽ ልጅ ማለት ነው። በላቲን እግር ‹ፔስ› ሲሆን ግንዱ ‹ፔድ› ነው፤ ፔዳልና ፔዲኪዩር የወጡት ከዚህ ነው። ግሪክ ለእግር የራሱ ቃል አለው፤ እሱም ‹ፑስ› ሲሆን ግንዱ ‹ፖድ› ነው፤ ንግግር አድራጊ የሚቆምበት ፖዲየምና የእግር ሐኪም የሚጠራበት ፖዲያትሪስት የተገኙት ከዚህኛው ነው። የላቲኑ ‹ፔድ› እና የግሪኩ ‹ፖድ› የአንድ ጥንታዊ ቃል ዝርያዎች ናቸው፤ እግር ለማለት እንግሊዞች የሚሉት ‹ፉት›ም ከዚያው የዘር ሐረግ የሚመዘዝ የሩቅ ዘመድ ነው። የልጁ ‹ፓይድ› ግን ከሦስቱም ጋር ዝምድና የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሁለቱ ፊደላት ተከታትለው መገኘታቸው ለግሪኩ ልጅ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ አለመገኘታቸው ግን የላቲኑን እግር አያረጋግጥም። ፔዳጎጂን እንግሊዞችም ቢሆኑ ዛሬ ያለ ‹ኤ› ነው የሚጽፉት፤ ነገር ግን ቃሉ የመጣው በጥንታዊት ግሪክ ልጁን ወደ መምህሩ ቤት እየመራ የሚያደርሰው ባሪያ ከሚጠራበት ‹ፓይዳጎጎስ› ከሚለው ስም ነው።

ቀጥሎ የቃሉን የመጀመሪያ ክፍል ለብቻው መፈተን ነው። እኔ ለዚህ የምጠቀምበት ዘዴ ቁራጩን ትርጉማቸውን በእርግጠኝነት ከማውቃቸው ሌሎች ቃላት ጋር ማስተያየት ነው። ለአማርኛ አንባቢ ‹ኦርቶ› እንግዳ አይደለም፤ ኦርቶዶክስ በሚለው ቃል ውስጥ በየቀኑ ይናገረዋል። ‹ኦርቶስ› በግሪክ ቀጥ ያለ፣ ያልጎበጠ፣ ያልተዛባ ማለት ነው፤ ‹ዶክሳ› አስተያየት ወይም እምነት ነው። የጥንት ሊቃውንቶቻችን ይህን ቃል ወደ ግእዝ ሲመልሱ ‹ርቱዓነ ሃይማኖት› ብለዋል። ርቱዕ ማለት ደግሞ ቀጥ ያለ፣ የቀና ማለት ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ትርጉም ማግኘት ይከብዳል። ዛሬም ‹አንደበተ ርቱዕ› የምንለው ንግግሩ የማይደናቀፍ፣ የተቃናለት ሰው ነው። ጥርስ የሚያስተካክለው ሐኪም ኦርቶዶንቲስት መባሉም ከዚሁ ነው፤ ‹ኦዶንት› የጥርስ ግንድ ነው። ሃይማኖቱም፣ ጥርሱም፣ የልጁም ገላ የሚገናኙት በዚህች በመቃናት ሐሳብ ላይ ነው።

ሁለቱ ክፍሎች ከታወቁ በኋላ የጥምረቱን ጠባይ ማየት ይገባል። በሳይንስና በሕክምና ውስጥ የተፈጠሩ ቃላት በአመዛኙ ግሪክን ከግሪክ፣ ላቲንን ከላቲን ጋር ያጋባሉ። ኦርቶፔዲክስ እግር የማቃናት ሙያ ተብሎ የተሰየመ ቢሆን ኖሮ፣ ‹ኦርቶ› ግሪክ ስለሆነ ሁለተኛው ክፍልም የግሪኩ ‹ፖድ› ይሆን ነበር። ይህ ግን ጥሩ ፍንጭ እንጂ የማይሻር ሕግ አይደለም፤ ቴሌቪዥን የግሪኩን ሩቅ ከላቲኑ ማየት ጋር አዳቅሎ የተሠራ ቃል ሆኖ ማንም ሳይከለክለው ዓለምን አዳርሷል። ስለዚህ በጥምረት ጠባይ ላይ ብቻ ተመሥርቶ መፍረድ አይቻልም፤ ምስክር ያስፈልጋል።

ምስክሩን ለማግኘት በጥቅስና በዓመት የተደራጀ መዝገበ ቃላት መክፈት ግድ ነው። ለእንግሊዝኛ ዋናው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ወጥቶ የመጀመሪያው እትም የተጠናቀቀው በ1928 ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ቃል ከጥንቱ ወደ አዲሱ የተደረደሩ ጥቅሶችን ከነዓመታቸው ያቀርባል። በነፃ የሚገኙ የድረ ገጽ መዝገበ ቃላትም ለጀማሪ ይበቃሉ። ስለ ቃሉ አመጣጥ የሚናገረው ክፍል ወደ ኋላ የሚነበብ መሆኑን ማወቅ ግን ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ የሚጠቀሰው ለእንግሊዝኛ ያበደረው የቅርቡ ቋንቋ ነው፤ በጣም ጥንታዊው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ከፊቱ የኮከብ ምልክት ያለበት ቃል ካጋጠመዎ ሊቃውንት ዘመድ ቋንቋዎችን አነጻጽረው የገመቱት እንጂ ተጽፎ የተገኘ ቃል አለመሆኑን ይረዱ፤ ብዙ ሰው ያችን ኮከብ ችላ ብሎ ግምቱን እንደ ሰነድ ይጠቅሰዋል።

ኦርቶፔዲክስን በዚህ መንገድ ስንከታተል እድለኞች ነን፤ ብዙ ቃላት አባታቸው አይታወቅም፣ የዚህኛው አባት ግን በስምና በአድራሻ ይታወቃል። በ1658 በሊዮን ከተማ የተወለደው ፈረንሳዊው ሐኪም ኒኮላ አንድሪ፣ ዕድሜው ከ80 ካለፈ በኋላ በ1741 ፓሪስ ላይ ‹ሎርቶፔዲ› የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ መቅድም ላይ ቃሉን ራሱ እንደ ሠራው፣ ቀጥ ያለ የሚለውን ‹ኦርቶስ›ንና ልጅ የሚለውን ‹ፓይዲዮን›ን አጋጥሞ እንዳበጀው፣ ዓላማውም የልጆችን የአካል ጉብጠትና መዛባት አስቀድሞ መከላከልንና ማቃናትን ማስተማር እንደ ሆነ ገልጿል። አክሎም ስለ ልጆች በላቲን የተጻፉ ሁለት ቀደምት ሥራዎችን አርአያ እንዳደረገ ይናገራል፤ በሁለቱም ርእስ ውስጥ ይኸው የግሪኩ ልጅ ይገኛል። ቃል ፈጣሪው ራሱ ‹ልጅ ማለቴ ነው› ብሎ ከመሰከረ በኋላ እግር ነው ብሎ የሚከራከር ሰው የያዘው ሙግት ከእኔ ጋር አይደለም፤ ከአባትየው ጋር ነው።

የመጽሐፉ ይዘትም የቃሉን ትርጉም ያጸናል። አንድሪ የጻፈው ለቀዶ ሐኪሞች ሳይሆን ለወላጆችና ለሞግዚቶች ነው፤ እንዲያውም በፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ የበላይ ኃላፊ በነበረበት ጊዜ ከቀዶ ሐኪሞች ጋር በብርቱ የተጋጨ ሰው ነበር። ልጅ የሚቀመጥበት ወንበርና የሚጽፍበት ጠረጴዛ ከፍታ ምን መሆን እንዳለበት፣ ትከሻው እንዳይወላገድ ምን መደረግ እንዳለበት ይመክራል። ከመጽሐፉ ሥዕሎች በአንዱ ላይ ግንዱ የተጣመመ ለጋ ዛፍ ከአጠገቡ በተተከለ ቀጥ ያለ እንጨት ላይ በገመድ ታስሮ ይታያል። ያ ሥዕል ዛሬ በብዙ አገሮች የአጥንት ሐኪሞች ማኅበራት አርማ ሆኗል። አርማውን ያየ ሁሉ የተሰበረ እግር የታሰረ ይመስለዋል፤ ሥዕሉ ግን የሚናገረው ‹ሳይቃጠል በቅጠል› እንደምንለው ገና በለጋነቱ ስለሚቃና ልጅ ነው። መጽሐፉ በ1743 ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ ታተመ፤ በዚህም ቃሉ ከተፈጠረ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወይም እንደ ሞላው ባሕሩን ተሻገረ።

ብዙዎች ምርመራቸውን እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ እኔ ግን ገና ግማሽ መንገድ ነው እላለሁ። ቃሉ የተወለደበትን ካወቁ በኋላ ያደገበትን መከታተል ያስፈልጋል። ኦርቶፔዲክስ የሚለው ቃል ውስጥ አጥንት የለም፤ አጥንት በግሪክ ‹ኦስቴዮን› ነው። ሐኪምም የለም፤ ፔዲያትሪክስና ሳይካትሪ ውስጥ የተሸሸገው ‹ያትሮስ›፣ ማለትም ፈዋሽ፣ እዚህ ቃል ውስጥ አልገባም። ባለሙያው ኦርቶፔዲስት ሲባል መጨረሻው ላይ የሚቀጠለው ‹ኢስት›ም የሙያው ባለቤት መሆንን ብቻ ነው የሚገልጸው። ታዲያ ‹ቀጥ ያለ ልጅ› የሚል ቃል የአዛውንቶችን የዳሌ ስብራት የሚጠግን ባለሙያ መጠሪያ ለመሆን እንዴት በቃ?

መልሱ ያለው በሙያው ታሪክ ውስጥ ነው። ዣን አንድሬ ቬኔል በ1780 በስዊዘርላንዷ ኦርብ ከተማ የመጀመሪያውን የኦርቶፔዲክ ተቋም ሲከፍት ታካሚዎቹ ገና ልጆች ነበሩ፤ ቆልማማ እግር ይዘው የተወለዱትን በድጋፍ መሣሪያ ያቃና ነበር። ስብራት በዚያ ዘመን የሌላ ሰው ሥራ ነበር፤ የቀዶ ሐኪም ወይም እንግሊዞች ‹ቦንሴተር› የሚሉት የባህል ባለሙያ። ቦንሴተር ማለት ቁልጭ ያለ ወጌሻ ነው፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ ስብራትና ውልቃት በእጅ እየዳሰሰ የሚመልስ ሰው። የሁለቱን ወንዞች መገናኛ በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ይቻላል። ሂው ኦወን ቶማስ በ1834 በዌልስ፣ በአንግልሲ ደሴት፣ ከታወቀ የወጌሾች ቤተሰብ ተወለደ፤ አባቱ ኤቫን ቶማስ በሊቨርፑል ከተማ በዚሁ ሙያ የሚተዳደር ሰው ሲሆን ልጆቹን የሕክምና ትምህርት ቤት አስገባቸው። ሂውም በሐኪምነት ተመርቆ የቤተሰቡን ጥበብ ወደ ዘመናዊው ሕክምና ይዞ ገባ፤ ለተሰበረ ጭን የሚያገለግለው የቶማስ ድጋፍ በስሙ ይጠራል። የሚስቱ ወንድም ወይም እህት ልጅ የነበረው ሮበርት ጆንስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብሪታንያ ጦር ኦርቶፔዲክ ሕክምናን ሲመራ፣ ይኸው ድጋፍ ጭናቸው በጥይት የተሰበረ የብዙ ወታደሮችን ሕይወት አተረፈ። ጦርነቱ በተፈጸመበት በ1918 የብሪታንያ ኦርቶፔዲክ ማኅበር ሲመሠረት፣ ቃሉ ከልጆች ክፍል ወጥቶ የወታደሮችንም አልጋ ይዞ ነበር።

ይህን ያህል ከተጓዝን በኋላ ሆሄ ራሱ የሚዋሽበት ጊዜ እንዳለ ሳልናገር ባልፍ ደግ አይሆንም። የቧንቧ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ ፕላመር ይባላል፤ ሲጻፍ ግን የማትነበብ ‹ቢ› በመካከሉ አለች። የመጣው እርሳስ ለተባለው ብረት የላቲን ስም ከሆነው ‹ፕሉምቡም› ነው፤ የጥንቱ ቧንቧ ከእርሳስ ይሠራ ነበርና። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ሲያልፍ ‹ቢ›ዋን ጥሎ ነበር፤ ኋላ ላይ ላቲን የሚያውቁ ጸሐፊዎች መልሰው አስገቧት። እዚህ ላይ የመለሷት ፊደል እውነተኛ ናት። ደሴት ለማለት በሚጽፉት ‹አይላንድ› ውስጥ ግን ፈጽሞ የእሱ ያልሆነች ‹ኤስ› ከሌላ ተመሳሳይ ቃል ተወስዳ በስህተት ተሰክታለች። ስለዚህ የማትነበብ ፊደል ስታገኙ ከጥንት ጀምራ የነበረች መሆኗን በጥቅሶቹ ዓመታት አጣሩ።

አሠራሩን ለመለማመድ የሚፈልግ አንባቢ ሰርጅን የሚለውን የቀዶ ሐኪም መጠሪያ ይውሰድ። በእንግሊዝኛው ገጽታው ሥሩን ማየት አይቻልም፤ ወደ ኋላ በጥንቱ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያም በላቲን በኩል እስከ ግሪክ ሲደርሱ ‹ኼይሩርጎስ› ይገኛል፤ ‹ኼይር› እጅ፣ ‹ኤርጎን› ሥራ። በእጁ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። እኛ ቀዶ ሐኪም ስንል ስለቱን አየን፤ ግሪኮች ግን ስለቱን የያዘውን እጅ አዩ። ከሐኪሞች በታች የእጅ ሙያተኛ ተደርገው ይታዩ በነበረበት ዘመን ምክንያት፣ በእንግሊዝ አገር ቀዶ ሐኪሞች ዛሬም ‹ዶክተር› በመባል ፈንታ ‹ሚስተር› ይባላሉ። ዶክተር የሚለው ቃል ራሱ በላቲን መምህር ማለት ነው፤ ሐኪም ደግሞ በዓረብኛ ጠቢብ። ሁለቱም ሥራቸውን ስለ መርፌና ስለ ክኒን አንዳች ሳይናገሩ ያከናውናሉ፤ የቃልን ምንጭ የቃሉ የዛሬ ትርጉም አድርጎ ማቅረብ አይገባም የምለውም ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ያገኙትን ሲጽፉ አራት ነገሮች በአንድ ዐረፍተ ነገር ወይም በሁለት ቢገኙ ይበቃል፤ ቃሉን የሠራው ወይም መጀመሪያ የጻፈው፣ ዓመቱ፣ የክፍሎቹ ትርጉም፣ እና ትርጉሙ ኋላ ምን እንደ ሆነ። እኔም በራሪ ወረቀቱን ሳስተካክል የተሰረዘችውን ዐረፍተ ነገር በዚህ ተካኋት፦ «ኦርቶፔዲክስ የሚለውን ቃል ፈረንሳዊው ሐኪም ኒኮላ አንድሪ በ1741 ቀጥ ያለና ልጅ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ሠራው፤ መጀመሪያ የልጆችን የአካል መዛባት ማቃናትን ብቻ ያመለክት የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ግን በማንኛውም ዕድሜ ያለ ሰው የአጥንት፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕክምና የሚጠራበት ስም ነው።» ሐኪሙ ወረቀቱን ሲመልስልኝ ቀይ ብዕሩ ያረፈው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር፤ ከ1741 አጠገብ «እ.ኤ.አ.» ብዬ መጻፍ ረስቼ ኖሯል።